ከፍላሽ የመጣው ይከፈታል

ሐምሌ ነው፤ የግብር ሰሞን። አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ባለሙያ ሳሎናቸውን ቢሮ አድርገው የሰፈሩን ባለሱቆች ሒሳብ ይሠራሉ። ዴስክቶፕ ኮምፒውተሩ የእሳቸው ነው፤ ልጃቸው በላፕቶፕ ታግዛቸዋለች። «ከአባቴ ኮምፒውተር ሼር ያደረግነው ፎልደር ይታያል፣ ፋይሉ ግን እምቢ አለ» ብላ ደወለችልኝ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው ብዬ ሄድኩ።

ላፕቶፑ ላይ ፎልደሩ ወዲያው ገባልኝ። የመጀመሪያውን ኤክሴል ስነካው ተከፈተ። ሁለተኛው «አክሰስ ዲናይድ»። ሦስተኛው ተከፈተ፣ አራተኛው እምቢ። እዚህ ላይ እጄን ሰብስቤ ማሰብ ነበረብኝ፤ ችግሩ ኔትወርኩ ወይም ፓስወርዱ ቢሆን ኖሮ ፎልደሩም ባልገባ ነበር። እኔ ግን የለመድኩትን ጀመርኩ። ኔትወርኩን ከፐብሊክ ወደ ፕራይቬት ቀየርኩ፣ ላፕቶፑ ያስቀመጠውን አሮጌ ፓስወርድ አጠፋሁ፣ ራውተሩን ነቅዬ ሰካሁ፣ የዴስክቶፑን ፋየርዎል (ያልተፈቀደ ግንኙነት ከኔትወርክ እንዳይገባ የሚከላከለውን) አጠፋሁ። በመጨረሻም (እያፈርኩ ነው የምጽፈው) የፎልደሩ ሼሪንግ ውስጥ ገብቼ ለ«ኤቭሪዋን» ፉል ኮንትሮል፣ ማለትም ለሁሉም ሰው ሙሉ ፈቃድ፣ ሰጠሁ። ያው ነው።

ጋሼ ቡናቸውን ይዘው ከኋላዬ ቆመው ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ደንበኛ በፍላሽ ያመጣው እኮ ይከፈትላታል። እምቢ የሚለው እኔ የሠራሁት ነው።»

«እርስዎ የሠሩትን እንዴት ነው እዚህ ፎልደር ውስጥ የሚያስገቡት?»

«እዚሁ ኮምፒውተር ዴስክቶፕ ስክሪኑ ላይ ሠርቼ ስጨርስ ከት አድርጌ አመጣዋለሁ። ሁለት ቦታ እንዳይቀመጥ።»

የሒሳብ ሰው ናቸዋ! አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ሲመዘገብ አይወዱም።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። የፎልደሩ ፈቃድ ሁለት ቦታ ነው የሚሰጠው፦ ሼሪንግ የግቢው በር ነው፣ ሰኪዩሪቲ የሚለው ደግሞ የክፍሉ፤ ከኔትወርክ የሚመጣ ሰው ሁለቱንም ማለፍ አለበት፣ ጠበቅ ያለውም ያሸንፋል። እኔ ሰዓቱን ሙሉ የግቢውን በር ስበረግድ ነው የቆየሁት። ዊንዶውስ ላይ ፋይል ኮፒ ሲደረግ፣ ወይም ከፍላሽ ሲመጣ፣ የገባበትን ፎልደር ፈቃድ ይወርሳል። እዚያው ሲ ድራይቭ ላይ በከት ሲዛወር ግን የድሮ ፈቃዱን እንደያዘ ነው የሚሄደው። ጋሼ ዴስክቶፕ ላይ የሠሩት ደግሞ ለእሳቸውና ለአድሚኑ እንጂ ለልጃቸው አካውንት አይፈቅድም።

ሰኪዩሪቲ፣ ከዚያ አድቫንስድ ገብቼ፣ በውስጡ ያሉት ሁሉ የፎልደሩን ፈቃድ እንዲወርሱ የሚያደርገውን ሳጥን ምልክት አደረግኩበት። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ልጅቷ አራተኛውን ፋይል ከፈተችው።

«ከእንግዲህ ኮፒ ያድርጉና የድሮውን ያጥፉት» አልኳቸው።

«ይኼማ ሁለት ሥራ ነው።»

እውነታቸውን ነው። አዲስ ሥራ ሲጀምሩ እዚያው ፎልደሩ ውስጥ ሴቭ እንዲያደርጉ ተስማማን።

ሒሳቤን ተቀብዬ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። መገናኛ ልንደርስ ስንል ፋየርዎሉን እንዳጠፋሁት፣ ኤቭሪዋንንም እንዳላነሳሁት ትዝ አለኝ። «ወራጅ አለ!» ብዬ ወረድኩና በመጣሁበት ተመለስኩ።

ጋሼ በሩን ሲከፍቱልኝ «ምን ረሳህ?» አሉኝ።

«በር ሳልዘጋ ሄጄ ነው ጋሼ።»