ግድግዳው የተሸከመው ፎቅ

ቺካጎ የሄድኩት ዊሊስ ታወር አናት ላይ ልወጣ ብዬ ነበር። በሄድኩበት ጠዋት ግን ጉም ከሚሺጋን ሐይቅ ተነሥቶ የሕንፃውን ግማሽ ውጦታል። ትኬት ቆራጯ «ዛሬ ቢወጡም ከጉም በቀር የሚያዩት የለም» አለችኝ። አመስግኛት በጃክሰን ጎዳና ወደ ምሥራቅ በእግሬ አቀናሁ። ዐሥር ደቂቃ ያህል እንደተጓዝኩ የዲርቦርን ጎዳና ጥግ ላይ ጠቆር ያለ የጡብ ሕንፃ ገጠመኝ። ሞናድኖክ ይባላል። 16 ፎቅ ነው፤ ቁመቱ 66 ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ከጎረቤቶቹ ጋር ሲተያይ አጭር ነው፣ እኔን ግን እስከ ማታ እዚያው አቆየኝ።

የሕንፃው ሰሜናዊ ግማሽ የቆመው በውጭ ግድግዳው ነው። ዛሬ ፎቅ ሲሠራ መጀመሪያ ኮለኑና ቢሙ (ቋሚ ምሰሶውና አግዳሚው) ይቆማል፣ ግድግዳው በኋላ ይለብሰዋል። እዚህ ግን ጡብ በጡብ ላይ እየተደረደረ ነው 16ኛው ፎቅ የተደረሰው። ውስጡ የብረት ምሰሶዎች አሉት፤ የዳር ዳሩን ሸክም የያዘው ግን ጡቡ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ከፍ ባለ ቁጥር ግርጌው መወፈር አለበት፣ የበላዩ ክብደት በሙሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነዋ። ስለዚህ ከታች ውፍረቱ 1.8 ሜትር ደርሷል። ወደ ላይ እየሳሳ ሄዶ ጫፉ ላይ ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም።

በጃክሰን በኩል ባለው በር ስገባ ግድግዳው ውስጥ ሁለት እርምጃ ተራመድኩ። መዳፌን ጎንና ጎኑ ላይ እያሳረፍኩ ነበር የገባሁት፤ ጡቡ ይቀዘቅዛል። ቀጥሎ እግሬ ወደ ታች ወረደ። ወለሉ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ነው፣ ያም የሆነው ሕንፃው ስለሰመጠ ነው። የቺካጎ መሬት ከሥሩ ለስላሳ ጭቃ ነው፤ አለቱ ጥልቅ ነው። በዚያን ጊዜ መሠረቱን የሠሩት የባቡር ሐዲድ የሚመስሉ ብረቶችን አንዱን በአንዱ ላይ አነባብረው ኮንክሪት በማልበስ ነው፤ ሕንፃውም ጭቃው ላይ እንደ ታንኳ እንዲያርፍ አደረጉት። 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰምጣል ብለው አስልተው ነበር። እሱ ግን በጊዜ ብዛት ወደ ግማሽ ሜትር ወረደ። ያም ሆኖ እስከ ዛሬ ቆሟል። ይህን ሳስብ ለእነዚያ መሃንዲሶች ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

ከተማዋን ወደ ላይ የገፋት እሳት ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1871 የተነሣው ቃጠሎ ከ17,000 በላይ ሕንፃ በልቶ 100,000 ያህል ሰው ቤት አልባ አደረገ። መሀል ከተማው እንደገና ሲሠራ መሬቱ ተወደደ፣ ሊፍትም ስለነበረ ወደ ላይ መሥራት አዋጣ። የሞናድኖክ ባለቤቶች ፒተርና ሼፈርድ ብሩክስ የተባሉ የቦስተን ወንድማማቾች ነበሩ። ፒተር ገንዘቡን የሚቆጥር ሰው ነበር፤ ከግድግዳው ወጣ ብሎ አቧራና እርግብ የሚሰበስብ ጌጥ አልፈልግም አለ።

አርክቴክቱ ጆን ዌልቦርን ሩት ደግሞ ጌጥ የሚወድ ሰው ነበር። ጌጡን ሲከለክሉት ውበቱን ከቅርጹ አወጣው። ግድግዳው ከግርጌው ሰፋ ብሎ ይነሣና ወደ ውስጥ ለስለስ ብሎ ይታጠፋል፤ ቀጥ ብሎ ይወጣና አናቱ ላይ እንደገና ወደ ውጭ ይዘረጋል። የጥንት ግብፅ መቅደሶችን በር የሚያስታውስ መስመር ነው። መስኮቶቹም ከግድግዳው እየወጡና እየገቡ ይወዛወዛሉ። ለእነዚህ እጥፋቶች ሲባል በልዩ ቅርጽ የተሠሩ ጡቦች ነበሩ። መንገዱ ዳር ቆሜ አንገቴ እስኪያመኝ ቀና ብዬ አየሁ። አንድም ቅርጻ ቅርጽ የለም፤ የጎደለ ግን አይመስልም። ሩት የሞተው ሰሜናዊው ግማሽ በተጠናቀቀበት በዚያው በ1891 ነው፣ በጃንዋሪ፣ በሳንባ ምች። ዕድሜው 41 ነበር። ከዚህ በኋላ ምን ምን ይሠራ እንደነበር ማሰቡ ያሳዝናል።

ውስጥ ያለው ደረጃም አያልፉት ነገር ነው። አሉሚኒየም ነው። ዛሬ ድስት የምንሠራበት ብረት በዚያ ጊዜ ገና ብርቅ ነበር፤ በርካሽ የማምረቻው መንገድ የተገኘው በ1886 ነው። በሕንፃ ሥራ ላይ ከዋሉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ይኸው ደረጃ ነው።

በመሬት ደረጃ ያለው ኮሪደር ሕንፃውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያቋርጣል። በእሱ እየሄድኩ ደቡባዊው ግማሽ ደረስኩ። ይህኛው በ1893 ያለቀው ነው፣ ሥራውም ሆላበርድና ሮሽ የተባለው የአርክቴክቶች ድርጅት ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ነገሩ ተለውጧል፤ እዚህ ሸክሙን የያዘው የብረት አጽም ነው። ዘዴው በእርግጥ ቀደም ብሎ ነበር፤ በ1885 እዚያው ቺካጎ አርክቴክቱ ዊልያም ለባሮን ጄኒ ባለ 10 ፎቁን የሆም ኢንሹራንስ ሕንፃ በብረት አጽም አቁሞት ነበር። እሱ ግን በ1931 ፈርሷል። ሞናድኖክ ቆሟል፤ አሮጌውንና አዲሱን አሠራር ጎን ለጎን አንድ ጣሪያ ሥር ይዟል። ሌላ ቦታ ይህን ያህል ጥርት ብሎ አላየሁትም። በብረት የተሠራው ክፍል ቀለል ይላል፣ ርካሽ ነው፣ ለኪራይ የሚሆን ሰፊ ቦታም ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ጡብ ለጡብ እየደረደረ ይህን ያህል ፎቅ ለመሥራት የሚነሣ ባለሀብት መጥፋቱ አይገርምም።

ከሰሜኑ በር ፊት ለፊት አርክቴክቱ ሚስ ቫን ደር ሮሄ የነደፈው የፌዴራል ሕንፃ ቆሟል፣ 45 ፎቅ፣ ጥቁር ብረትና መስታወት። መስታወቱ ከራሱ ክብደት በቀር ምንም አይሸከምም።

ወደ ማታ በደቡቡ በር በቫን ቢዩረን ጎዳና በኩል ወጣሁ። በአናቴ በላይ ባቡሩ እየተንገጫገጨ አለፈ። ጉሙ ተገፎ የዊሊስ ታወር አንቴናዎች ይታዩ ነበር። ይህኛውን ግድግዳ ያለፍኩት በአንድ እርምጃ ነው።