ፎርሙ ላይ «እኔ» ማለት ያቃታት ልጅ

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ ስለዚህ ልጻፈው። ሰሞኑን ውስጤ የሚመላለስ ነገር አለ፣ ለሰው ለመናገር ስሞክር በሁለት ዓረፍተ ነገር ያልቅብኛል፣ እዚህ ግን ቦታ አለ።

ወጣት ሴቶችን በአመራርና በማህበረሰብ አገልግሎት የሚሸልም አንድ ፕሮግራም አለ፣ እና በደንብ የማውቃት የ22 ዓመት ልጅ እንድትወዳደር ፎርሙን አብሬያት እንድሞላ ተጠየቅኩ። የድጋፍ ደብዳቤውንም የምጽፈው እኔ ነኝ። ደስ ብሎኝ ነው እሺ ያልኩት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የምትሰራውን በቅርብ አይቻለሁና ይገባታል ብዬ ከልቤ ነው የማምነው።

ስራው ሲነገር ቀላል ነው። ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንቶች በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይደወላል። እንዴት ዋሉ፣ መድኃኒትዎን ወሰዱ ወይ፣ የጎደለ ነገር አለ ወይ፣ በቃ። 14 ልጆች ናቸው፣ ሁሉም ሴቶች፣ ትንሿ 17 ዓመቷ ነው። የሚደወልላቸው ደግሞ 31 ሰዎች ናቸው። ከሩቅ ላየው ሰው «ስልክ መደወል ምን አለው» ሊያስብል ይችላል፣ እኔም መጀመሪያ እንደዛ ነበር ያሰብኩት፣ ደብተሩን እስካይ ድረስ።

ደብተሩ ተራ የትምህርት ቤት ደብተር ነው፣ ጠርዙ የተበላ፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተያያዘ። በየገጹ በማስመሪያ መስመር ተሰምሮ ስም፣ ሰዓት፣ ተነሳ ወይስ አልተነሳም፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ምን አሉ» የሚል አምድ አለ። ከዛ ጠርዝ ጠርዙ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፉ ነገሮች አሉ፣ እነሱን ሳነብ ነው የቆምኩት። «ከ11 በኋላ አይደወልም፣ ይተኛሉ»። «የግራ ጆሯቸው ነው የሚሰማው፣ ቀስ ተብሎ ይነገር»። «ስለ ልጃቸው አይጠየቅም»። ይሄ የመጨረሻው ስንት ነገር ይዟል፣ አንዷ ልጅ አንድ ቀን ሳታውቅ ጠይቃ፣ ስልኩ ውስጥ ዝምታ ሆኖ፣ ከዛ ሌላዋ ያንን ስህተት እንዳትደግም ብላ ጽፋው ነው። የሽፋኑ የውስጥ ገጽ ላይ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ህግ አለ፦ «ሁለቴ ካልተነሳ፣ ቅርብ ያለችው ሄዳ ታንኳኳ»።

ይቺ ህግ ናት አንድ ቀን ሰው ያተረፈችው። አንድ እናት መታጠቢያ ቤት ወድቀው፣ መነሳት አቅቷቸው፣ ስልኩ ሳሎን ሲጮህ እየሰሙ ነበር። ሁለቴ ተደወለ፣ አልተነሳም፣ የ17 ዓመቷ ልጅ ቅርብ ስለነበረች ሄዳ አንኳኳች፣ ድምጽ ሰማች፣ ጎረቤት ጠራች፣ ሆስፒታል ደረሱ። ዛሬ ድነው ከዱላ ጋር ይሄዳሉ።

እንግዲህ ፎርሙን ስንጀምር እኔ ወዲያው «ይሄንን እንጻፈው!» አልኩ። የፎርሙ ጥያቄ እንዲህ ይላል፣ «እርስዎ በግልዎ ያመጡትን ለውጥ በ300 ቃላት ይግለጹ»። ልጅቷ ላፕቶፑ ላይ መጻፍ ጀመረች፣ ቆመች፣ አጠፋች፣ ደግማ ጻፈች። ዞር ብዬ ሳይ «እኛ» ብላ ነው የምትጽፈው። እኛ እንደውላለን፣ እኛ እናንኳኳለን፣ እኛ ተሰባሰብን። 

«እኔ በይ እንጂ፣ ስለ አንቺ ነው እኮ የጠየቁት» አልኳት።

«እትዬ፣ ውሸት ይሆንብኛል።»

«ምኑ ነው ውሸቱ?»

«እሳቸውን ያገኘኋቸው እኮ እኔ አይደለሁም። ያን ቀን ፈተና ላይ ነበርኩ፣ ስልኬም ዝግ ነበር። የሰማሁት ማታ ነው።»

መጀመሪያ ትህትና መስሎኝ ልገስጻት ነበር፣ ሴቶች ልጆች ሲባሉ ራሳቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ ነው የሚያድጉት፣ እኔም እንደዛ ነው ያደግኩት፣ ስለዚህ «ተይ ይሄን ልማድ» የሚል ንግግር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ፊቷን ሳይ የማፈር አይደለም፣ ልክ ያልሆነ ሂሳብ እንዲፈርም የተጠየቀ ሰው ፊት ነው። እውነቷን ነው። እና ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ፣ ያን ቀን የሷ ስልክ ዝግ ሆኖ ስራው መሄዱ ነው እኮ ትልቁ ነገር! እሷ ባትኖርም የምታንኳኳ ልጅ አለች፣ ለምን እንደምታንኳኳም ታውቃለች። አመራር የሚባለው ነገር ከዚህ በላይ ምን ይሆናል፣ ግን ፎርሙ ላይ ይሄን የሚያስቀምጡበት ሳጥን የለም።

ከዛ ማታ ቤት ገብቼ ዝም ብዬ ስለተሸለሙ ሴቶች ማንበብ ጀመርኩ፣ ደብዳቤውን እንዴት እንደምጽፈው ጠፍቶኝ ነው። ላይቤሪያዊቷን ሌይማ ቦዊን ታውቋታላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የኖቤል የሰላም ሽልማት ከያኔዋ የላይቤሪያ ፕሬዝዳንት ከኤለን ጆንሰን ሰርሊፍና ከየመናዊቷ ተወኩል ካርማን ጋር የተቀበለችው። እ.ኤ.አ. በ2003 ላይቤሪያ ጦርነት ላይ ሆና ክርስቲያንና ሙስሊም ሴቶች ነጭ ለብሰው ሞንሮቪያ ውስጥ ዓሳ ገበያው አጠገብ ሜዳ ላይ ፀሐይና ዝናብ ሳይሉ ይቀመጡ ነበር፣ የሰላም ንግግሩ ጋና፣ አክራ ላይ ሲጓተት ደግሞ ሄደው የስብሰባውን አዳራሽ በር ዘጉ፣ ተደራዳሪዎቹ እንዳይወጡ። ያኔ 31 ዓመቷ ነው። ኖቤል ደግሞ በደንቡ አንድን ሽልማት ከሶስት ሰው በላይ አያካፍልም። እዛ ሜዳ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ስንት እንደነበሩ አስቡት፣ መድረክ ላይ የምትወጣው ግን አንዷ ነች። ልጅቷ «እኛ» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ይሄን ሳነብ ይበልጥ ገባኝ።

ከሁሉም ደግሞ ልቤን የያዘችው ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ ናት። እ.ኤ.አ. በ1977 በዓለም አካባቢ ቀን ናይሮቢ ካሙኩንጂ ፓርክ ውስጥ ሰባት ችግኝ በመትከል ነው የግሪን ቤልት እንቅስቃሴ የተጀመረው። ሰባት! ኖቤሉን ያገኘችው በ2004 ነው፣ 27 ዓመት ቆይቶ፣ 64 ዓመቷ ላይ። በዛ መሀል የደን ባለሙያዎቹ «ዛፍ ለመትከል ዲፕሎማ ያስፈልጋል» እያሉ በገጠር ሴቶቹ ይስቁባቸው ነበር። እኔን ግን የያዘኝ አሰራሩ ነው፣ ለሴቶቹ ትንሽ ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር፣ የሚከፈላቸውም ለተከሉት ሳይሆን ለጸደቀው ችግኝ ነው። ተከልኩ ብሎ ፎቶ መነሳት አይቆጠርም፣ ተመልሰው መጥተው ቆሞ ካገኙት ነው የሚቆጠረው። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ደብዳቤዬን ከመጀመሪያው አጥፍቼ ጻፍኩት፣ ስንት ስልክ እንደተደወለ የሚለውን ወደ ታች አወረድኩና ልጅቷ ሳትኖር ስንት ቀን ስራው ሳይቋረጥ እንደሄደ ከደብተሩ ቆጥሬ ላይ አስቀመጥኩት። ፈተና በነበራት ሰሞን 19 ቀን። አንድም ስም አልተዘለለም።

ይሄ ነገር እንዲህ የሚያንገበግበኝ ለምን እንደሆነም ልናገር። እኔም በ24 ዓመቴ ተሸልሜያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለህጻናት መጽሐፍ የምናነብበት ቡድን ነበረን፣ ለዛ ነው ሰርተፊኬትና ዋንጫ የተሰጠኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ ስሜ «ተሸላሚዋ» ሆነ። እዚህ ስብሰባ ላይ ንግግር አድርጊ፣ እዛ ኮሚቴ ውስጥ ግቢ፣ ለሌሎች ልምድሽን አካፍዪ፣ ፎቶ፣ ኢንተርቪው፣ እምቢ ካልኩ ደግሞ «ከተሸለመች በኋላ ኮራች» ይባላል። የሸለሙኝ ሰዎች ክፉ አልነበሩም፣ ግን አንድም ቀን አንዳቸውም «ቅዳሜ ማን ያነባል?» ብለው አልጠየቁኝም። እኔም ሰው አላዘጋጀሁም፣ ሁሉንም በራሴ ይዤ ነበር። በተሸለምኩ በአስራ አንደኛው ወር ታመምኩ፣ ቡድኑም ከእኔ ጋር ቆመ። ልጆቹ ሁለት ቅዳሜ በር ላይ መጥተው ጠብቀው እንደተመለሱ ቆይቼ ነው የሰማሁት። እስካሁን ያቺ ነገር ታመኛለች።

ስለዚህ ወጣት ሴት ስትሸለም ሳይ ደስታም ስጋትም ነው የሚሰማኝ። ፓኪስታናዊቷ ማላላ እኮ በ11 ዓመቷ ለቢቢሲ ኡርዱ በብዕር ስም ማስታወሻ ስትጽፍ ማንም አያውቃትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ አገሯ የሰላም ሽልማት ሰጠቻት፣ ፊቷ በየቴሌቪዥኑ ታየ፣ በኦክቶበር 2012 ደግሞ ታሊባኖች አውቶቡስ ላይ ስሟን ጠይቀው ተኮሱባት። 15 ዓመቷ ነበር። ሽልማቱ ነው ያስተኮሰባት እያልኩ አይደለም፣ የተኮሰው ክፋት ነው። ግን መታየት በራሱ ሸክም አለው፣ ሸላሚዎች ጭብጨባው ካለቀ በኋላ ያቺን ልጅ ማን እንደሚጠብቃት ማሰብ አለባቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ17 ዓመቷ ኖቤል ማግኘቷን የሰማችው ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ነው፣ መምህሯ ናት ጠርታ የነገረቻት፣ እሷም የቀኑን ትምህርት ጨርሳ ነው የወጣችው። ማታይም ዜናውን የሰማች ቀን ችግኝ ነው የተከለችው። ሁለቱም ወደ ስራቸው ነው የተመለሱት፣ ይሄን ለልጅቷ ስነግራት «ታዲያ የት ይሄዳሉ?» አለችኝ። 

ፎርሙን በመጨረሻ እንዲህ ጨረስነው፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ «እኔ ደብተሩን ጀመርኩ፣ ህጉንም የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብላ ጻፈች፣ ይሄ እውነት ነው፣ የሷ ነው፣ ስትጽፈው እጇ አልተንቀጠቀጠም። ከዛ በኋላ ያለውን በሙሉ «እኛ» አደረገችው። እኔም አልተከራከርኩም።

አሸነፈች። ዜናው ሲመጣ መጀመሪያ የጠየቀችው «ሁሉም መምጣት ይችላሉ?» ነው። አዘጋጆቹ መድረክ ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚወጣው፣ አዳራሽ ግን ሁሉም ይገባሉ አሉ። ደስ አላት፣ ከዛ ወዲያው ፊቷ ተለወጠ፣ ፕሮግራሙ 9 ሰዓት ላይ ነዋ። ስልክ የሚደወልበት ሰዓት። 14ቱም ከሄዱ ማን ይደውላል? 

«እኔ እደውላለሁ» አልኩ። ሁለት ጓደኞቼን ለመንኩ፣ 31ዱን ለሶስት ተካፈልን፣ እኔ 11 ደረሰኝ። አንደኛዋ ልጅ ቤቴ ድረስ መጥታ ደብተሩን ሰጠችኝ፣ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ያለውን ሁሉ እንዳነብ አስጠንቅቃኝ ሄደች። ልጄ እንድትሆን እመኛለሁ።

እና ሽልማቱን አላየሁትም። እነሱ አዳራሽ ሲያጨበጭቡ እኔ ወንበር ላይ ደብተር ዘርግቼ ስልክ ጆሮዬ ላይ ነበር። እጄ ላብ በላብ ሆኗል፣ ለካ ከባድ ነው፣ ሁለተኛው ጥሪ ሳይነሳ አራት ጊዜ ሲጮህ ልቤ ምን እንዳለ እኔ ነኝ የማውቀው። ተነሳ፣ ተመስገን።

ሰባተኛው ላይ አንድ አባት ናቸው።

«አባባ እንዴት ዋሉ?»

«ደህና። ማን ልበል?»

«ዛሬ በልጅቷ ፈንታ ነው የደወልኩልዎ።»

«ምን ሆነች?» ድምጻቸው ወዲያው ተለወጠ።

«ምንም አልሆነችም አባባ፣ ሽልማት ልትቀበል ሄዳ ነው።»

«የምን ሽልማት?»

«ለእርስዎ ስለምትደውልልዎ።»

ዝም አሉ። ከጀርባቸው ሬዲዮ ይሰማኛል። ከዛ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ነገስ ማን ነው የሚደውለው?» አሉኝ።

«ነገ እሷ ነች።»

«በቃ አንቺ አትንገሪያት። ነገ ስትደውል ራሴ እንኳን ደስ ያለሽ እላታለሁ።»

መድኃኒታቸውን መውሰዳቸውን ጠየቅኩ፣ ወስደዋል። «ምን አሉ» የሚለው አምድ ውስጥ «ነገ ራሳቸው ሊነግሯት ነው፣ ሌላ ሰው እንዳይደውል» ብዬ ጻፍኩና ስምንተኛውን ስም መታሁ።