ኮምፒውተሬም ፋሲካን አከበረ

በአንድ አነስተኛ የማማከር ቢሮ ስሠራ የጠዋት ሥራዬ አደን ነበር። የጨረታና የፕሮጀክት ጥሪ አደን። 43 ድረ ገጽ በየተራ እከፍታለሁ፣ አዲስ ነገር ካለ አያለሁ፣ እዘጋለሁ። ማኪያቶዬ አጠገቤ ይቀዘቅዛል።

ከዚህ ጣጣ ያወጣኝ የአይቲው ልጅ ነው። "አርኤስኤስ እያለልህ ምን ያለፋሃል?" አለኝ። እኔ ደግሞ የጉግል የአርኤስኤስ ማንበቢያ፣ ጉግል ሪደር፣ በፈረንጆቹ 2013 ሲዘጋ አርኤስኤስም አብሮ የሞተ መስሎኝ ነበር። ለካ ብዙ ድረ ገጾች ዛሬም የአርኤስኤስ ፊድ አላቸው። ፊድ ማለት አዲስ የወጣውን ጽሑፍ ርዕስ፣ ቀንና ሊንክ የያዘ ተራ ፋይል ነው። ፊድ አንባቢ የሚባል አፕ እየዞረ ይሰበስብልሃል፤ አንተ ቁጭ ብለህ ታነባለህ። (የአገር ውስጦቹ ብዙዎቹ ፊድ የላቸውም፤ ለእነሱ ያው ቴሌግራም ነው።)

ኢንተርኔት ሲቋረጥም የወረደውን ማንበብ ስለፈለግኩ ዴስክቶፕ ላይ የሚጫን አፕ ፍለጋ ገባሁ። ተንደርበርድ ፊድ ይቀበላል፤ ግን ኢሜይሌም እዚያው ስለሆነ ተምታታብኝ። ኩዋይትአርኤስኤስ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ችግሩ ከ2020 ወዲህ አዲስ ቨርዥን አልወጣለትም። በመጨረሻ አርኤስኤስ ጋርድ ላይ ረጋሁ። መልኩ እንኳን አያምርም። ግን ነፃ ነው፣ ሥራውንም ያውቃል። ከአፕ ወደ አፕ ስዘዋወር 43ቱን ፊድ እንደ አዲስ መመዝገብ አላስፈለገኝም፤ የፊዶቹን ዝርዝር የያዘ ኦፒኤምኤል የሚባል አንድ ፋይል ከአንዱ አውጥቼ ሌላው ውስጥ አስገባሁ፣ አለቀ።

ከዚያ ፋሲካ መጣ። ሐሙስ ማታ ኮምፒውተሬን አጥፍቼ ወጣሁ፤ ማክሰኞ ጠዋት ተመለስኩ። አፑን ከፈትኩ፣ የመጣውን አነበብኩ፣ ለእኛ የሚሆን ነገር አልነበረም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አለቃዬ ጠሩኝ።

"ፋሲካ እንዴት ነበር?"

ይህ ጥያቄ በዚያ ሰዓት ለደግ እንዳልሆነ ገባኝ። "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ።

"የውሃ ፕሮጀክቱን ጥሪ ሌሎቹ አስገብተዋል። ትናንት ተዘግቷል። እኛስ?"

እኛማ አላየነውም። ጥሪው የወጣው በስቅለት ዕለት ነው። ላወጡት የውጭ ሰዎች ግን ቀኑ ተራ ዓርብ ነው፤ የእነሱ ፋሲካ አልፏል።

ሮጬ ወደ አይቲው ልጅ ሄድኩ። "አፕህ ጥሪውን በላው!" አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። የፊዱን አድራሻ ብራውዘር ላይ ከፈተና "ቁጠር" አለኝ። ቆጠርኩ። 10 ጽሑፍ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ ያው 10። ድረ ገጹ በዎርድፕረስ የተሠራ ነው፤ ቅንብሩን ካልነኩት ፊዱ የሚይዘው የመጨረሻዎቹን 10 ጽሑፎች ብቻ ነው። አሥራ አንደኛው ሲወጣ የመጀመሪያው ይወድቃል። ቀጥሎ የእኔን አፕ ከፍቶ ወደ ታች ወረደ። ከእሑድ ማታ በታች ያለው ሐሙስ ነው። ዓርብና ቅዳሜ ጭራሽ የሉም።

"አፑ ምን ያድርግ? አንተ ስታጠፋው እሱም ተኛ" አለኝ።

እንደዚህ ቀላል ነገር ነው። ዴስክቶፕ ላይ ያለ አንባቢ ፊድ የሚሰበስበው ራሱ ክፍት ሲሆን ብቻ ነው። እኔ እኮ አፕ ሳወዳድር ያየሁት መልኩን፣ ፍጥነቱንና ዋጋውን ነው። "ሳልኖር ማን ይሰበስብልኛል?" ብዬ የጠየቅኩት አንድም ቀን የለም። ልጁም ቢሆን ቀድሞ አልነገረኝም፤ እሱን ለአለቃዬ አላነሳሁትም።

አፑን ግን አልቀየርኩትም። ቢሮው ውስጥ ሌት ተቀን የማይጠፋ ሰርቨር አለ፤ መብራት ሲሄድም ዩፒኤስ ያቆየዋል። ልጁ እዚያ ላይ ፍሬሽ አርኤስኤስ የሚባል ነፃ ሰብሳቢ ጫነ። በየግማሽ ሰዓቱ ፊዶቹን እየዞረ የሚለቅመው እሱ ነው። የእኔ አርኤስኤስ ጋርድ ከ43 ድረ ገጽ ጋር መነጋገሩን ትቶ ከእሱ ብቻ ይወስዳል።

ለገና ፈቃድ ጨምሬበት ረዘም ላለ ጊዜ ከቢሮ ጠፋሁ። ስመለስ 211 ያልተነበበ ጠበቀኝ። ከላይ አልጀመርኩም። ቀኖቹን እያየሁ ወደ ታች ወረድኩ፤ ዓርብን ፍለጋ። አለ። ቅዳሜም አለ።