ከዘራው የተነሳው ለላዳ ነበር

መጽሔት ቤት ስሠራ ፎቶ መምረጥና መግለጫ መጻፍ የኔ ሥራ ነበር። አንዴ ስለ ልጆች አስተዳደግ ለተጻፈ ጽሑፍ የሚሆን ፎቶ ጠፋ። ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀን ነው። የፎቶ አንሺያችንን ፋይል ስጎረጉር ቸርችል ጎዳና ላይ የተነሳ አንድ ፎቶ አገኘሁ። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን አንስተዋል። ከፊታቸው ትንሽ ልጅ ሁለት እጁን አናቱ ላይ አድርጎ ቁጢጥ ብሏል። ከኋላ አንዲት ሴት በነጠላዋ አፏን ይዛለች። ከዚህ በላይ ምን ልፈልግ?

ገጹ ላይ ቦታው ጠባብ ስለነበር ከታች በኩል ከረከምኩት። «ዱላ ከቤት አልፎ አደባባይ ወጣ» ብዬ ጻፍኩበት። እውነቱን ለመናገር ኮርቼ ነበር።

መጽሔቱ በወጣ በአምስተኛው ቀን ሽማግሌው ቢሮ መጡ። ያው ከዘራ በእጃቸው፣ መጽሔቱ በብብታቸው።

«ልጄ፣ ይሄን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እኔ ላዳ እያስቆምኩ ነበር። ልጁን አላውቀውም። አሁን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ልጁን ለምን መቱት ይለኛል።»

ፎቶ አንሺያችንን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዋናውን ፎቶ ከፈቱልን። ከላይ ሆነው ቁልቁል፣ ሩቁን አቅርቦ በሚያሳይ በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው ያነሱት። ከሩቅ እንዲህ ሲነሳ በሰው መሀል ያለው ርቀት ይጨማደዳል፤ 10 ሜትር የሚራራቁ ሰዎች የተጠጋጉ ይመስላሉ። እውነቱን የሚናገረው መሬቱ ነበር። የልጁ እግር እዚህ፣ የሽማግሌው ጫማ ወዲያ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ። እኔ የቆረጥኩት ደግሞ መሬቱን ነው። ከሱ ቀጥሎ ባለው ፍሬም ላይ አውቶቡስ ጭሱን እየለቀቀ ያልፋል። የሴትዮዋ ነጠላ ለሱ ነበር።

የባሰው ግን የሽማግሌው ዓይን ነው። ልጁን አያይም፣ መንገዱን ነው የሚያየው። ይሄ በከረከምኩትም ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዘራው ላይ አፍጥጬ ዓይናቸውን ሳላየው ቀረሁ።

አፍሬ ዝም ማለት ሲገባኝ ተከራከርኩ። «ታዋቂው ፈረንሳዊ ፎቶ አንሺ ካርቲየ ብሬሶን እንኳን በ1932 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያነሳውን፣ ውኃ የሚዘለውን ሰውዬ ፎቶ ከርክሞታል» አልኩ።

«እሱ የቆረጠው ሌንሱን የጋረደውን አጥር ነው» አሉ ጋሼ። «አንተ የቆረጥከው የሰው እግር ነው።»

መልስ አልነበረኝም። በቀጣዩ እትም ማረሚያ አወጣን። ያው እንደ ማንኛውም ማረሚያ ትንሽ ነበረች።

ሽማግሌው ያልተቆረጠውን ፎቶ አሳትመን እንድንሰጣቸው ጠየቁ። ተቀብለው ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉና ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ይሄ ልጅ ግን ምን ሆኖ ነው?»

ጋሼም አያውቁም።