ለመጀመሪያው ማራቶኔ፦ በዝግታ የተጀመረ ልምምድ

አዲስ አበባ ውስጥ "ማራቶን ልሮጥ ነው" ያለ ሰው ቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ "ስንተኛ ትወጣለህ?" የሚል ነው። እኔንም ዘመድ፣ የሥራ ባልደረባ፣ የሰፈራችን ባለሱቅ ሳይቀር ጠይቀውኛል። አልፈርድባቸውም። በአገራችን ማራቶን የአበበ ቢቂላ፣ የማሞ ወልዴ፣ የገዛኸኝ አበራ ነው፤ ወርቅ የሚመጣበት እንጂ ቀኑን ሙሉ ሂሳብ ስትሠራ የምትውል ሴት የምትደክምበት ነገር ተደርጎ አይታሰብም። በየኅዳሩ ለ10 ኪሎ ሜትሩ ታላቁ ሩጫ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ መስቀል አደባባይን ያጥለቀልቃል። 42.195 ኪሎ ሜትር ሲባል ግን ሁሉም ለአትሌቶቹ ይተወዋል። ይህ እንዲለወጥ ከልቤ እመኛለሁ፤ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

እኔን የምታበረታኝ ፋጡማ ሮባ ናት። ሴቶች በኦሊምፒክ ማራቶን የሮጡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ገና በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ነው። ፋጡማ በ1996 አትላንታ ላይ በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ05 ሴኮንድ ስትገባ በርቀቱ የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆነች። በሩ ለሴቶች ከተከፈተ 12 ዓመት ብቻ ሆኖት ነበር።

የመረጥኩት ውድድር በጥር የሚካሄደውን የዱባይ ማራቶን ነው። እኅቴ እዚያ ትሠራለች፤ ማረፊያ አለኝ፤ መንገዱም ዳገት የለውም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2008 እስከ 2010 በተከታታይ አሸንፎበታል፤ ከእሱም በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ድል አድርገውበታል። ከጥር ወደ ኋላ ስቆጥር ልምምዱ በሐምሌ መጀመር እንዳለበት ገባኝ። ከዚያ በፊት አንድ ሰዓት ያህል ሳላቋርጥ መሮጥ እችል ነበር። ይህ መነሻ የሌለው ሰው ስለ ማራቶን ከማሰቡ በፊት እሱን ቢገነባ ይሻለዋል።

ሰፈራችን ውስጥ በወጣትነታቸው ለክለብ ይሮጡ የነበሩ አንድ አባት አሉ። ልምምዱን ከመጀመሬ በፊት ሄጄ አማከርኳቸው።

"ጋሼ፣ በስንት ኪሎ ሜትር ልጀምር?"

"ኪሎ ሜትሩን ለጊዜው ተይው ልጄ" አሉኝ። "ሳንባሽ ቶሎ ይለምዳል፤ ጅማትና አጥንት ግን ጊዜ ይፈልጋል። ከሰው ጋር እያወራሽ ሩጪ። ወሬው ከተቆራረጠ ፈጥነሻል ማለት ነው።"

የሐምሌንና የነሐሴን ልምምድ የመራልኝ ይህ ምክር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን ባሕር ዳር ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ እንጦጦ ላይ 3,000 ሜትር ሲታለፍ ደግሞ ጉድለቱ ወደ ሲሶ ይጠጋል። ውጭ አገር የተዘጋጀ የልምምድ ሰንጠረዥ ላይ ያለውን ፍጥነት እዚህ እንዳለ መቅዳት ልብን ያለ ጥቅም ማድከም ነው። እኔ ከሰንጠረዡ ርቀቱን ወሰድኩ፤ ፍጥነቱን ተውኩት፤ በምትኩም ወሬዬን መለኪያ አደረግኩት።

እንጦጦ ጫካ ውስጥ አትሌቶቻችንን በቀላል ልምምዳቸው ቀን ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። በባሕር ዛፉ መካከል አንዱ ከሌላው ኋላ ተሰልፈው፣ እየተጠማዘዙ፣ የፊተኛውን እግር እየተከተሉ ይሄዳሉ። ዝግታቸው ያስደንቃል። ከእኔ ፍጥነት ብዙም የማይበልጥበት ጊዜ አለ! በዓለም ፈጣን ከሚባሉት ጋር የሚወዳደሩ ሰዎች ለዝግታ ይህን ያህል ክብር ሲሰጡ ማየት ከማንኛውም ምክር በላይ አሳምኖኛል።

ሌላው ከእነሱ የወሰድኩት የመሬት ምርጫ ነው። ሁሉንም ሩጫ አስፋልት ላይ አይሮጡም። እኔም ክረምቱን የጫካው ጭቃ እስኪደርቅ ድረስ በጃን ሜዳ ሣር ላይ አሳለፍኩ፤ መስከረም ሲጠባ ወደ ጫካው ወጣሁ፤ ኮረኮንቹን ደግሞ ለመካከለኛ ርቀት ያዝኩት። አስፋልት ለረጅሙ ሩጫ ብቻ ነው፤ ውድድሩ አስፋልት ላይ ስለሆነ እግር ሊለምደው ይገባል። ፈጠን ለሚለው ሩጫ አቃቂን እመርጣለሁ፤ ከመሀል ከተማው ዝቅ ስለሚል ትንፋሽ አያጥርም፤ ሙቀቱም ለዱባይ ያዘጋጃል።

ለሴት ልጅ አብሮ መሮጥ የግድ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እንጦጦ መንገድ ላይ ጅብም ውሻም አለ፤ ከእንስሳ የከፋም አይታጣም። ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ተቧደንን። እነሱ ማራቶን የመሮጥ ሐሳብ የላቸውም፤ ግን ግማሹን መንገድ ይሸኙኛል፤ የወሬ መለኪያዬም እነሱ ናቸው። መንገዱ ካልነጋ ወደ ጫካው አንገባም።

ርቀቱን የምጨምረው ለሦስት ሳምንት ነው፤ በአራተኛው እቀንሳለሁ። ባትና ጭን ላይ የሚሰማ ድካም በማግስቱ ይለቃል። አንድ ቦታ ላይ የሚወጋ፣ በሮጡ ቁጥር የሚብስ ሕመም ግን ድካም አይደለም፤ እረፍትና ሐኪም ይፈልጋል። ጫማ የገዛሁት ስታዲየም ዙሪያ ካሉት የስፖርት ዕቃ መሸጫዎች ነው፤ ለረጅም ሩጫ ሲያብጥ እግር ቦታ እንዲያገኝ ከጣቴ ፊት ትንሽ ክፍት የሚተው ወሰድኩ።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ጾሙ ነበር። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ ልምምዱ የሚከብደውም ልክ በዚያ ሰሞን ነው። ጾሙን መተው አልፈለግኩም፤ መተውም አላስፈለገኝም። በአዘቦት ቀን እስከ 9 ሰዓት ስለምቆይ ሩጫውን ከቀመስኩ በኋላ ወደ ማታ አዛወርኩት። ረጅሙን ሩጫ ቅዳሜ ጠዋት አደረግኩት፤ ቅዳሜ ከጥሉላት እንጂ ከእህል አንከለከልም፤ እሑድ ደግሞ ቅዳሴ አለ። ሩጫው የቤተ ክርስቲያኔን ሰዓት ሳይነካ ሳምንቱ ተደላደለ።

ምግቡ ከጓዳችን ተገኘ። ከሩጫ በፊት በሶ በስኳርና በትንሽ ጨው በጥብጬ እጠጣለሁ። በመንገድ ላይ ትንንሽ የበሶ ጭብጦና ቴምር እይዛለሁ። ጡንቻና ጉበት ያከማቹት ስኳር ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ እየተሟጠጠ ስለሚሄድ፣ ሳይርብ በፊት በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ ይመከራል። ሆድም እንደ እግር መሠልጠን አለበትና ይህን በየቅዳሜው እለማመዳለሁ። ስመለስ ሽሮ፣ ምስር፣ ለውዝና የሱፍ ፍትፍት አለ። የብረት ማዕድን እጥረት በሴት ሯጮች ላይ ስለሚበዛ ደሜን አስመረመርኩ፤ ቡናና ሻይ ከምግብ የሚገኘው ብረት እንዳይዋሐድ ስለሚያደርጉ ከምሳ ጋር ማጣጣሙን ትቼ አንድ ሰዓት አቆየዋለሁ። ለእኔ ከዳገቱ ሁሉ የከበደኝ ይሄ ነው።

አሁን ታኅሣሥ ነው። የቀረኝ ረጅሙ ሩጫ በሰንዳፋ መንገድ የምሮጠው 32 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ሳምንታት ርቀቱን በየሳምንቱ እቀንሳለሁ፤ የሰውነት ድካም እንዲወጣ እንጂ አዲስ ጉልበት ለመገንባት ጊዜው አልፏል። ዱባይ ላይ አየሩ ስለሚወፍር ትንፋሼ ይቀለኛል፤ ያ ቅለት ግን እንዳያስፈጥነኝ የመጀመሪያዎቹን 10 ኪሎ ሜትሮች አጠገቤ ካለ ሰው ጋር እያወራሁ ልሄድ ወስኛለሁ። ከ5 ሰዓት በታች መግባት እፈልጋለሁ። እኅቴ 30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጭብጦ ይዛ ትጠብቀኛለች።