ዋየርለስ ኮንትሮለር ስትገዙ ጀርባውን እዩ፦ ከቱሉ ዲምቱ መጋዘን የተማርኩት

የሥራው ቦታ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዲስ–አዳማ ፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም አይርቅም። ግቢው ውስጥ ትልልቅ መጋዘኖች፣ አንድ የቢሮ ሕንፃና የጭነት መኪና መቆሚያ አለ። የመጋዘን ሠራተኞቹ ዕቃ ሲረከቡና ሲያስረክቡ ባርኮድ የሚያነብ የእጅ መሣሪያ ይዘው ይዞራሉ፤ ፎርክሊፍቶቹም ላይ ታብሌት ተገጥሟል። እኔ የተጠራሁት ዋይፋዩን እንደ አዲስ እንድሠራ ነበር። ቀድሞ እያንዳንዱ አክሰስ ፖይንት (ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ ዋይፋይ የሚያሰራጨው መሣሪያ) ለብቻው የተዋቀረ ስለነበር ሠራተኛው ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው ሲሻገር መሣሪያው ይቋረጥበታል። የይለፍ ቃል ለመቀየር እንኳ በየጣሪያው ያለውን አንድ በአንድ መክፈት ግድ ነው። ሁሉንም ከአንድ ቦታ የሚያዝ ኮንትሮለር እንደሚያስፈልግ ማንም አልተከራከረም። ክርክሩ የትኛው ይገዛ የሚለው ላይ ነበር።

ሻጭ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነግርህ ስንት አክሰስ ፖይንት እንደሚይዝ ነው። ሲስኮ ካታሊስት 9800-40ን ብንወስድ እስከ 2,000 አክሰስ ፖይንትና እስከ 32,000 ተጠቃሚ ይይዛል፤ እስከ 40 ጊጋቢት በሰከንድ ያስተላልፋል። ታናሹ 9800-ኤል በመደበኛው ላይሰንስ እስከ 250 አክሰስ ፖይንትና 5,000 ተጠቃሚ ይችላል። የእኛ ግቢ አክሰስ ፖይንት መቶ እንኳ አይሞላም። በቁጥር ከሄድን ታናሹ ይበቃል፣ ይተርፋልም። የግዢ ኮሚቴው ሰብሳቢም ይህንኑ ነው የጠየቁኝ፦ «ለማንጠቀምበት አቅም ለምን እንከፍላለን?»

ተገቢ ጥያቄ ነው። የሰጠኋቸው መልስ ኮንትሮለሩን አዙሬ ጀርባውን ማሳየት ነበር። ታናሹ ኃይል የሚያገኘው ከውጭ ካለ አንድ አዳፕተር ነው። ትልቁ በውስጡ ሁለት ፓወር ሰፕላይ ይይዛል፤ አንዱ ሲበላሽ ኮንትሮለሩ ሳይጠፋ ይነቀልና ይቀየራል። መብራት በቀን ውስጥ ሄዶ በሚመጣበት፣ ሲመጣም ቮልቴጁ ከፍ ብሎ በሚመጣበት አካባቢ ቀድሞ የሚሞተው ክፍል ፓወር ሰፕላይ ነው። ኮንትሮለሩ ከጠፋ ደግሞ ዳታው በእሱ በኩል የሚያልፈው ዋይፋይ በሙሉ ይጠፋል፤ መኪና ቆሞ ይጠብቃል፣ ጫኝና አውራጅ ቆሞ ይጠብቃል።

ስለዚህ ትልቁን መረጥኩ። በበኩሌ ያከበርኩት ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ሁለት ታናናሾችን አጣምሮ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲረከብ ማድረግ። ይህን የሚመርጥ ባለሙያ ጥሩ ምክንያት አለው። እኔ ያልመረጥኩት እያንዳንዱ በአንድ አዳፕተር ስለሚንጠለጠል፣ በዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) በኩል ትንሽ ችግር በተፈጠረ ቁጥር ጥንዱ እየተቀያየረ እንዲሠራ ስላልፈለግኩ ነው። መቀያየሩ ለክፉ ቀን እንዲሆን እንጂ የዕለት ሥራ እንዲሆን አልፈለግኩም።

ሁለት ፓወር ሰፕላይ አለ ማለት ግን ሁለት የኃይል ምንጭ አለ ማለት አይደለም። በየሰርቨር ክፍሉ ስገባ ደጋግሜ የማየው ሁለቱም ገመዶች አንድ ማከፋፈያ ላይ ተሰክተው ነው። የዚህ ግቢ ሰርቨር ክፍል ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ሶኬት አለ። የግቢውን ኤሌክትሪሺያን፣ ዕድሜያቸው የገፋ ጠንቃቃ ሰው ናቸው፣ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ የእነዚህ የሁለቱ መስመር ለየብቻ ነው?»

«ለየብቻ ነው ልጄ። እኔው ነኝ የሳብኳቸው።»

«እስቲ አንዱን እናጥፋውና እንየው።»

በሁለቱም ሶኬት ላይ መብራት ሰካንና ጋሼ አንዱን ብሬከር አወረዱት። ሁለቱም መብራት ጠፋ። ጋሼ ምንም አልተናገሩም፤ መሰላል አስመጥተው፣ ኮርኒሱን ከፍተው፣ በእጅ ባትሪ እያበሩ ሽቦውን ተከተሉት። መገናኛ ሳጥኑ ውስጥ፣ እሳቸው ከሠሩት በኋላ የመጣ ሰው፣ የሁለቱንም ሶኬት ሽቦ ከአንዱ መስመር ጋር ብቻ አስሮ በአንድ ቴፕ ጠቅልሎታል። ጋሼ ፈቱት፤ አንዱንም ከሌላ ፌዝ በአዲስ ሽቦ አመጡት። ከዚያ በኋላ ነው አንዱን ገመድ ወደ አንደኛው ዩፒኤስ፣ ሌላውን ወደ ሁለተኛው ዩፒኤስ የሰካሁት። ዩፒኤሶቹ ኦንላይን የሚባለው ዓይነት ናቸው፤ ከመስመር የሚመጣውን ኃይል ሁልጊዜ ለውጠው ስለሚያወጡት፣ መብራት ሲመጣ የሚመጣው ከፍታ ኮንትሮለሩ ጋ አይደርስም። ጀነሬተሩ እስኪነሳ ያለችውንም ክፍተት ይሸፍናሉ።

ሥራ ከመረከባቸው በፊት ሙከራውን ያደረግኩት በሥራ ሰዓት፣ የመጋዘን ኃላፊው ባሉበት፣ ሠራተኞቹ ዕቃ እየቆጠሩ ነው። የመጀመሪያውን ገመድ ነቀልኩ። የዚያኛው ፓወር ሰፕላይ መብራት አረንጓዴነቱን ለቀቀ፣ ማስጠንቀቂያው የመሣሪያዎቹን መልእክት ወደሚመዘግበው ሎግ ሰርቨር ደረሰ፤ ባርኮድ የሚያነቡት ልጆች ግን ቀና ብለው እንኳ አላዩንም። መልሼ ሰክቼ ሁለተኛውን ነቀልኩ። ከዚያ ብሬከሮቹን በየተራ አወረድን። ሁለት ፓወር ሰፕላይ የገዛ ሰው ሁሉ ይህን ሙከራ ሠራተኛ ባለበት ሰዓት ቢያደርገው እመክራለሁ፤ ሌሊት ሰው በሌለበት የተደረገ ሙከራ የሚነግረን ትንሽ ነው።

እዚሁ ላይ የግድ መነሳት ያለበት ነገር አለ። አክሰስ ፖይንቶቹ ኃይል የሚያገኙት በኔትወርክ ኬብሉ፣ ኬብሎቹ ከሚገናኙባቸው ስዊቾች ነው፤ ኮንትሮለሩ ለእነሱ ኃይል አይሰጥም። ስለዚህ በየመጋዘኑ ያለው ስዊች ዩፒኤስ ከሌለው፣ ኮንትሮለሩ አሥር ፓወር ሰፕላይ ቢኖረውም መብራት ሲሄድ ጣሪያው ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። በጀቱን ስናዘጋጅ ለየመጋዘኑ ስዊች አነስተኛ ዩፒኤስ እንዲካተት አጥብቄ የተከራከርኩት ለዚህ ነው።

ወደ ራኩ፣ መሣሪያዎቹ ወደሚደረደሩበት የብረት መደርደሪያ ስንመጣ፣ መሣሪያው ቁመቱ 1ዩ ነው፤ 44.45 ሚሊሜትር፣ ሦስት የራክ ቀዳዳ ማለት ነው። ሰው ቁመቱን ያያል፣ ጥልቀቱን ይረሳል። ግቢው ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲሜትር የሆነ ካቢኔት ነበር። መሣሪያው እንኳ ቢገባ ከኋላ የኃይል ገመድ የሚታጠፍበት፣ ከፊት ፋይበር ሳይሰበር የሚዞርበት ቦታ አይተርፍም። ባለአራት እግር ራክ አስገዛሁ። ከላይና ከታች ባዶ ቦታ ትቼ፣ ክፍቱን ቦታ ሁሉ በሽፋን ዘጋሁት፤ ካልተዘጋ ከኋላ የወጣው ሞቃት አየር በክፍተቱ ዞሮ ወደ ፊት ይመለሳል። አየር የሚገባው ከፊት፣ የሚወጣው ከኋላ ነውና ራኩ ላይ ያሉትን መሣሪያዎች በሙሉ በአንድ አቅጣጫ አሰለፍኳቸው።

አዲስ አበባና ዙሪያዋ ብርድ ነው፣ መሣሪያ አይሞቅም ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ነን። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ያነሰ ነው። ብዙ አምራቾች መሣሪያው የሚችለውን ከፍተኛ ሙቀት በባሕር ወለል 40 ዲግሪ ብለው ይጽፉና ከፍታ ሲጨምር በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሱለታል። በእኛ ከፍታ ያ 40 ወደ 33 ይወርዳል። መስኮት የሌለው፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል በሚያዝያ ቀትር ላይ 33 ዲግሪ መድረሱ የሚያስገርም አይደለም። ኤርኮንዲሽን ያስገባሁት ለምቾት አይደለም።

አቧራው ደግሞ ከሙቀቱ ይብሳል። የግቢው መግቢያ ገና አስፋልት አልለበሰም፤ በበጋ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ቀይ አቧራ ይነሳል። በሰርቨር ክፍሉ በር ሥር ጎማ አስገጠምኩ፣ በራኩ የፊት በር ላይ የሚታጠብ ስፖንጅ ማጣሪያ አደረግኩ። ማጣሪያውን ማን፣ መቼ እንደሚያጥብ በወረቀት ተጽፎ በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ያልታጠበ ማጣሪያ አየሩን ስለሚያፍነው ከነጭራሹ ከሌለው ይብሳል።

ፖርቶቹ ላይ ልምጣ። አራት የፋይበር ቀዳዳ አለው፤ እያንዳንዱ የ10 ጊጋ ወይም የ1 ጊጋ ሞጁል ይቀበላል። ሞጁሉ ከመሣሪያው ጋር አይመጣም፤ የዋጋ ማቅረቢያ ሲመጣ መጀመሪያ የምፈትሸው ሞጁሎቹ ተቆጥረው መግባታቸውን ነው። ኮንትሮለሩ ከዋናው ስዊች ጋር አንድ ራክ ላይ ስለሆነ ግን ለዚህ ሞጁልም ፋይበርም አላስፈለገም፤ ጫፉ ላይ ሞጁሉ አብሮ የተሠራበትን አጭር የመዳብ ኬብል ተጠቀምኩ። ዋጋው ረከስ ይላል፣ ቆሻሻ የሚገባበት የመስታወት ጫፍ የለውም። ሁለት ፖርቶችን አንድ ላይ አሰርኳቸው፤ አንዱ ኬብል ቢነቀል ሌላው ይቀጥላል። አብረው የሚታሰሩት እኩል ፍጥነት ያላቸው መሆን አለባቸው።

ፍጥነቱ ለምን እንዳስፈለገ ልንገራችሁ። እያንዳንዱ አክሰስ ፖይንት ከኮንትሮለሩ ጋር የሚነጋገረው ካፕዋፕ በሚባል ዋሻ (ዳታው ተጠቅልሎ የሚያልፍበት መስመር) ነው፤ ትእዛዙ በዩዲፒ ፖርት 5246፣ የተጠቃሚው ዳታ በ5247 ይሄዳል። ዳታው በሙሉ በኮንትሮለሩ በኩል እንዲያልፍ ከተደረገ፣ ያው ዳታ በዋሻው ገብቶ ከዋሻው ወጥቶ በዚያው መስመር ወደ ስዊቹ ይመለሳል። የባርኮድ መሣሪያው ዳታ ኢምንት ነው፤ የደኅንነት ካሜራ በዋይፋይ ካለ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። የካሜራዎቹን ዳታ በኮንትሮለሩ ሳያልፍ እዚያው በየመጋዘኑ ስዊች ላይ እንዲወጣ አደረግኩት።

ከሕንፃ ወደ ሕንፃ የሚሄደው ሁሉ ፋይበር ነው። ክረምት ላይ መብረቅ ሲወርድ በመዳብ ገመድ የሚገባው ኃይል ስዊቹን ብቻ አቃጥሎ አይቆምም። ራኩንም ከጋሼ ጋር ሆነን ለብቻው ከግራውንድ ጋር አገናኘነው፤ ኮንትሮለሩ ራሱ ለዚህ የተዘጋጀ ብሎን አለው፣ ብዙ ቦታ ግን ባዶውን ነው የማገኘው።

ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ ሰው ይንቃቸዋል። አንዱ ኮንሶል ነው። ኔትወርኩ በሙሉ ሲጠፋ ወደ መሣሪያው የሚያስገባ በር እሱ ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ 9600 ነው፣ ኬብሉን ራኩ ውስጥ አስሬ ትቼዋለሁ። ሌላው ሰርቪስ ፖርት ነው፤ ከተጠቃሚው ኔትወርክ በተለየ አድራሻ፣ ለአስተዳዳሪ ብቻ። ከዋናው ማኔጅመንት ጋር በአንድ ሰብኔት (የአድራሻ ክልል) ማድረግ አይገባም። እኔ ከፒሲ ክፍሉ ለብቻው በተሳበ ኬብል አገናኘሁትና በዚያ በኩል ከርቀት እገባለሁ፤ ግቢው ከከተማ ወጣ ያለ ቢሆንም አንድ ቀላል ነገር ለማየት ከቦሌ ድረስ መንዳት አያስፈልገኝም።

አሁን በዓይን የማይታየውን የሃርድዌር ክፍል፣ ሰዓቱን ላንሳ። አክሰስ ፖይንትና ኮንትሮለር የሚተዋወቁት በዲጂታል ሰርተፊኬት ነው፤ ሰርተፊኬቱ ደግሞ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል ዕድሜ አለው። የኮንትሮለሩ ሰዓት ከዚያ ዕድሜ ውጭ ከወጣ አክሰስ ፖይንቱ አይገባም፤ ኬብሉ ደህና ነው፣ መብራቱ ይበራል፣ አድራሻ ያገኛል፣ አይገባም። እኛ አገር ይህ የተለየ አደጋ አለው። መጀመሪያ ሲከፈት ቀኑን ሙላ ይላል፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አይቶ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞላ ሰው መሣሪያውን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወሰደው ማለት ነው። ትናንት የተመረተ አክሰስ ፖይንት በዚያ ቀን ገና አልተወለደም፤ ሰርተፊኬቱ ውድቅ ይሆናል። ሰዓቱም ያው ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓትን 03 ብሎ ማስገባት ሎጉን በሙሉ ያዛባል። ስለዚህ ከማንም በፊት የሰዓት ሰርቨር አገናኘሁ። የኢንተርኔት መስመሩ ሊቋረጥ ስለሚችልም ዋናውን ስዊች የግቢው ሰዓት ምንጭ አደረግኩት።

የሚቀረው፣ የመጀመሪያው ሲወድቅ የሚረከበው ሁለተኛው ኮንትሮለር ነው። ለጥንድነት የተዘጋጀ ሪደንዳንሲ ፖርት አለው፤ አንዱ በመዳብ ኬብል፣ አንዱ በፋይበር ሞጁል የሚሠራ። ጥንዶቹ ሞዴላቸውም የሶፍትዌር ቨርዥናቸውም አንድ መሆን ስላለበት፣ የሞዴሉን ሙሉ መለያ ቁጥር ለንብረት ክፍል በጽሑፍ ሰጥቻለሁ። ሁለተኛው አንድ ራክ ላይ እንዲቀመጥ አልፈልግም፤ እሳት ወይም ውኃ ከመጣ ሁለቱን አብሮ ይወስዳቸዋል። ቦታው ከቢሮው በጣም የሚርቀው መጋዘን ውስጥ ያለው ክፍል ነው፤ ሲንግል ሞድ ፋይበሩ ተቀብሯል፣ ሁለት ጥንድ ክር ለዚሁ ብቻ ተለይቶ ምልክት ተደርጎበታል። ጋሼም የዚያን ክፍል ሁለት መስመር ከየራሳቸው ፌዝ ለመሳብ ጀምረዋል።