መጀመሪያ ጉጠት

ቀጥቃጭ ቤት የሄድኩት ቢላዋ ለመሥራት ነበር። መምህሬ ጋሼ ግን የቢላዋን ነገር ለወራት አላስነሡኝም። «በምን ልትይዢው ነው?» አሉኝ በመጀመሪያው ቅዳሜ። ግድግዳቸው ላይ ጉጠት በያይነቱ ተሰቅሏል፤ ጠፍጣፋ የሚይዝ፣ ክብ የሚይዝ፣ አፉ ወደ ጎን የታጠፈ። ዐይኔን ወደዚያ ስጥል «እሱ የኔን እጅ ነው የለመደው። የራስሽን ትሠሪያለሽ» ብለው ጨረሱት።

ጉጠት ለመሥራት የጋለ ብረት መያዝ ያስፈልጋል። የጋለ ብረት ለመያዝ ደግሞ ጉጠት። ይህን ስነግራቸው ሳቁብኝ። መልሱ ረዥም ብረት ነው፤ አንዱ ጫፍ እሳት ውስጥ ሲግል ሌላው ጫፍ እጅ የማያቃጥል ከሆነ ጉጠት አያስፈልግም።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራዬ የእሳት መቆስቆሻ ሆነ፤ ከሕንፃ ሥራ ከተረፈ ቶንዲኖ። አንዱን ጫፍ ማሾል፣ ሌላውን ጠቅልሎ ቀለበት ማድረግ፣ መሐሉን ማጠማዘዝ። ሲጻፍ አንድ መስመር ነው፤ ትከሻዬን ለጠየቀ ግን ሌላ ወሬ አለው። ደግሞም ማሾል ማለት እኔ እንደመሰለኝ ዝም ብሎ ጫፉን መቀጥቀጥ አይደለም። ክብ ብረት ክብነቱን እንደያዘ ላቅጥንህ ቢሉት መሐሉ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ አራት ማዕዘን ይደረጋል፤ አራት ማዕዘን እንደሆነ ይቀጥናል፤ ከዚያ ማዕዘኖቹ ተመትተው ስምንት ይሆናሉ፤ በመጨረሻ ይከባል። ጋሼ ይህን በቃል አላስረዱኝም። መዶሻውን ተቀብለው አንዴ ሠሩትና መለሱልኝ።

ሥራ ቤታቸው አዲስ አበባ፣ ቀጨኔ ነው፤ ከግቢያቸው ጥግ በቆርቆሮ የተከለለች፣ አንዲት ትንሽ መስኮት ያላት ጨለማ ክፍል። መጀመሪያ ላይ አምፖል ያጣችው በአቅም ማነስ መስሎኝ ገዝቼ ልመጣ አስቤ ነበር። የብረት ሙቀት የሚነበበው በቀለሙ መሆኑ ሲገባኝ ተውኩት። ጥላ ውስጥ ቀይ ሆኖ የሚታይ ብረት ፀሐይ ላይ ቢያወጡት ጥቁር ይመስላል፤ ያታልላል፤ ያቃጥላልም። ደብዛዛ ቀይ ለመቀጥቀጥ የቀዘቀዘ ነው፤ ብርቱካንማው ደህና ነው፤ ቢጫው ለመዶሻ ይታዘዛል። ከቢጫ አልፎ ነጭ ሆኖ ብልጭታ መርጨት ከጀመረ ግን ብረቱ ራሱ እየነደደ ነው፤ ያ ጫፍ ተቆርጦ ይጣላል እንጂ አይታረምም።

የጋለው ብረት የሚቀጠቀጥበት መስፍ ግንድ ላይ የተቸነከረ የድሮው ምድር ባቡር ሐዲድ ቁራጭ ነው። መብራት ሲኖር እሳቱን ከአሮጌ መኪና የወጣ ማራገቢያ ይነፋዋል። መብራት ሲሄድ ወናፉ ይወርዳል፤ ሁለት የፍየል ቆዳ አቅማዳ፣ አንዱ ሲጫን ሌላው አየር እየሳበ ንፋሱ እንዳይቋረጥ። ሁለቱን እጄን ማስማማት ከመዶሻው ይልቅ ከብዶኛል። የጋሼ የልጅ ልጅ ግን የማባዣ ሠንጠረዡን በቃሉ እያነበነበ ይነፋዋል።

ጉጠቱ ሲደርስ ነገሩ ሁሉ «እኩል» የሚለው ቃል ላይ ወደቀ። ሁለት ክፋይ ናቸው፤ አፋቸውም፣ ወገባቸውም፣ እግራቸውም እኩል መሆን አለበት። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይቀድመኛል። ወገባቸው ተበስቶ በጋለ ሪቬት፣ በአጭር የብረት ካስማ፣ ይያያዛሉ፤ ሪቬቱ እንደተመታ ጉጠቱን ከፈት ዘጋ እያደረጉ ነው ውሃ ውስጥ የሚያቀዘቅዙት፤ አለዚያ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። የኔ ጉጠት አንዱ እግሩ ከሌላው በጣት ይረዝማል። ጋሼ ገልብጠው አዩትና «ይይዛል?» አሉ። ይይዛል። «እንግዲህ ምን ጎደለው?»

በስልክ የማያቸው የብረት ሥራ ቪዲዮዎች ሁሉም በቢላዋ ይጀምሩና በቢላዋ ያልቃሉ፤ የሚያምር እጀታ፣ የሚያብረቀርቅ ስለት፣ ወረቀት ሲቆራረጥ። ማንም ጉጠት ሠርቶ ሲፎክር አላየሁም። ቀጥቃጩ ግን ቢላዋ ሠሪ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ክረምት ሲቃረብ ገበሬው ጫፉ ያለቀ ማረሻውንና የተሰበረ ወገሉን ይዞለት ይመጣል፤ ለአጨዳ ማጭዱን ያስስላል፤ መጥረቢያውም፣ ዶማውም፣ መሮውም ከዚያው እሳት ነው የሚወጣ። በየገጠሩ ክፍያው በእህል ሆኖ የኖረበት ቦታ ብዙ ነው። ካራ ከዚህ ሁሉ መሐል አንዱ ነው፤ ያውም ከቀላሎቹ።

እናቴ ጎጃም ተወልዳ ያደገች ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደምውል ስነግራት ሲኒዋን አስቀመጠች። «ቀጥቃጭ ቤት?» ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል አልተናገረችውም፤ ሁለታችንም ግን ሰምተነዋል። እሷ ልጅ ሆና ገበያ ሲወስዷት የምትበላውን እንዳያዩባት በነጠላ ይሸፍኗት እንደነበር ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ። ከማን ዐይን እንደምትሸፈን ማንም አላስረዳትም፤ ማስረዳትም አላስፈለገም። ያ ሰውዬ የአባቷን ማረሻ የሚሠራ ነው። እሱ ባይኖር አንድ ጥማድ መሬት አይታረስም፤ ከማዕድ ግን አይቀርብም፤ ልጁን የሚያገባለት የለም፤ ልጅ በታመመ ቁጥር ስሙ ይነሣል።

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጁን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረዋል፤ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ፋቂውን። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ሳውቀው ደግሞ ለጋሼ የምሥራች የያዝኩ ያህል ተሰማኝ። «ሰምተናል» አሉኝ መዶሻቸውን ሳያቆሙ። «ከግቢ ተነሥቶ ቀጨኔ ሲደርስ ዳገቱ አደከመው መሰለኝ።»

ባለቤታቸው ሸክላ ይሠራሉ። እናቴ በየቀኑ ቡና የምታፈላበት ጀበና ከእሳቸው እጅ የወጣ ቢሆን አይገርመኝም። ጀበና ከገበያ ሲገዛ ከማን ቤት እንደመጣ ማን ይጠይቃል።

ባሌስትራ፣ የመኪናን ክብደት የሚሸከመው ጠፍጣፋ የሞላ ብረት፣ የተፈቀደልኝ ጉጠቴ እጄን ከለመደ በኋላ ነው። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ አብረን ሄድን። ከተማው የጣለው ብረት ሁሉ እዚያ ሌላ ስም ያወጣል፤ በርሜል ተሰንጥቆ ላሜራ ይሆናል፣ ላሜራው ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል። ጆሮ የሚያደነቁር ቦታ ነው፤ ጋሼ ግን እዚያው ጫጫታ መሐል ባሌስትራውን አንጠልጥለው በብሎን መታ እያደረጉ ድምፁን ያዳምጣሉ። የሚፈልጉት ከመኪናው ላይ ሳይሰበር የወጣውን ነው። አንዴ የተሰበረ ባሌስትራ ለዐይን የማይታይ ሌላ ስንጥቅ ሊደብቅ ይችላል፤ የሚገለጠው ደግሞ ተለፍቶበት ሲያበቃ ነው።

በባሌስትራና በቶንዲኖ መሐል ያለው ልዩነት ካርቦን ነው። ባሌስትራው 0.6 በመቶ አካባቢ አለው፤ ቶንዲኖው ብዙ ጊዜ የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ይህች ኢምንት ናት ስለት የምታስይዘው። ቶንዲኖን እንዳሻቸው ቢያግሉትና ቢነክሩት ያው ለስላሳ ነው። ሻጩ ግራይንደሩን አስነክቶ አሳየኝ፤ የቶንዲኖው ብልጭታ ረዥም ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ የባሌስትራው ጫፉ ላይ ፈንድቶ ቅርንጫፍ ያወጣል።

ለመቀጥቀጥም አንድ አይደሉም። ከቶንዲኖ በኋላ ባሌስትራ ግትር ነው፤ ቀለሙ ወደ ቀይ ሲወርድ መዶሻዬን መልሶ ይልክብኛል። ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው። ስለቱ በሚወጣበት በኩል ብረቱ ሲሳሳ ይረዝማል፣ ጀርባው ግን ባለበት ነው፤ ስለዚህ ቢላዋው ወደ ጀርባው ይጎብጣል። ቢላዋ ብዬ የያዝኩት ማጭድ ሊሆን ደረሰ፤ ማጭድ ደግሞ የሚጎብጠው ወደ ስለቱ ነው፣ እሱንም አልሆነ። ለካስ መፍትሔው አስቀድሞ ወደ ስለቱ በኩል ማጉበጥ ኖሯል፤ ስለቱ ሲወጣ ራሱ እየተቃና ይመጣል።

ቅርጹ ካለቀ በኋላ ያለውን ሥራ ነው እኔ የወደድኩት፤ ከመዶሻው ይልቅ። ብረቱ ብዙ ተመትቷል፣ ውስጡ ተጨንቋል። ደጋግሞ አግሎ አየር ላይ ቀስ ብሎ እንዲበርድ መተው ያሳርፈዋል። ከዚያ ዋናው ግለት ይመጣል። ጋሼ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በሽቦ አንጠልጥለውልኛል፤ ለእኔ ብለው እንጂ እሳቸው ቀለሙን አይተው ያውቁታል። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ሲሳብ የነበረው ብረት በድንገት እንደማያውቀው ሲያልፈው ማየት እስካሁን አልሰለቸኝም። ከዚያ ትንሽ ጨምሮ መንከር ነው፤ ውሃ ውስጥ ግን አይደለም። ውሃ ለባሌስትራ ይፈጥንበታል፣ ይሰነጥቀዋል። ለብ ያለ የምግብ ዘይት ውስጥ ነው የሚገባው። በዚህ የዘይት ዋጋ ይህን ለእናቴ መንገር የራሱ ድፍረት ጠይቋል።

ቢላዋዬን ከመንከሬ በፊት ከዚያው ባሌስትራ የተቆረጠች ትርፍራፊ አስነክረው ሞርሳ ላይ አስረው እንድሰብራት አደረጉ። የተሰበረው ገጽ እንደ ዱቄት ደቃቅና ግራጫ ከሆነ ግለቱ ልክ ነው፤ እንደ አሸዋ ሻካራና የሚያብለጨልጭ ከሆነ በዝቶበታል። የኔዋ ከሁለቱ መሐል ነበረች። «አንድ ትንፋሽ ቀድመሽ አውጪ» ብቻ አሉኝ።

ከዘይት የወጣ ቢላዋ ጠንካራ ነው፤ ሞረድ ይንሸራተትበታል፤ ግን ሲሚንቶ ላይ ቢወድቅ ይሰበራል። ስለዚህ እንደገና በ200 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት ይሞቃል፤ ጥንካሬውን ጥቂት ሰጥቶ ጥንካሬን የሚያህል ሌላ ነገር ይገዛበታል፤ ቢታጠፍ የሚመለስ ይሆናል። ይህን የሠራሁት በእናቴ ኦቨን ነው፤ ቀድሜ በብርጭቆ ወረቀት ስላጸዳሁት ገጹ ላይ የገለባ ቀለም ሲመጣ ይታይ ነበር። እሷ ከኋላዬ ቆማ «ዳቦዬ ብረት ብረት እንዳይል» አለች። ከዚያ ግን ጎንበስ ብላ በመስታወቱ አየችው።

እጀታው ወይራ ነው፣ በሁለት የናስ ሪቬት የተያዘ። ጀርባው ወፍራም ነው፣ ይከብዳል። አንደኛው ጎኑ ላይ መዶሻዬ የተወው ጠባሳ አለ፤ ሞርጄ ላጠፋው እችል ነበር፣ ብረቱን ማሳሳት ስላልፈለግሁ ተውኩት። ሽንኩርት ይከትፋል። ቲማቲም ላይ ያመነታል። እናቴ ጎመን የምትቀነጥሰው በእሱ ነው፤ የገዛችው ቢላዋ ከመሳቢያው መውጣት ካቆመ ሰነበተ። ስለ ቀጥቃጭ ቤት እስካሁን አንድም ቃል አልጨመረችም። ባለፈው ግን ለጋሼ ባለቤት ብላ በርበሬ ቋጥራ ሰጠችኝ።

የቢላዋዬን ፎቶ መሥሪያ ቤት ያየ ባልደረባዬ እንዲህ ያለ እንድሠራለት ጠየቀኝ፤ የጠራው ዋጋ ጋሼ ገበያ ላይ ከሚሸጡበት ሦስት እጥፍ ነው። የጋሼ ቢላዋ ቀጥ ያለ ነው፣ ቀላል ነው፣ ቲማቲም ላይ አያመነታም። ለእሳቸው መንገሩ ከብዶኝ ነበር፤ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «ሽጪለት። የኔን የሚገዛኝ ብረቱን ነው የሚገዛ፤ ያንቺን ግን አንቺን አይቶ ነው» አሉ።

ይህን ነገር ከሰማሁ ወዲህ አእምሮዬ ውስጥ እየተመላለሰ ነው። እኔ በኮምፒውተር የምተዳደር ሰው ነኝ። ጥላሸት ጥፍሬ ውስጥ ሲገኝ ሰው «ጎበዝ!» ይለኛል። የጋሼ ሴት ልጅ ትምህርት ቤት እያለች የአባቷን ሥራ ጠይቀዋት «ነጋዴ ነው» ብላ እንደመለሰች እሳቸው ራሳቸው እየሳቁ አጫውተውኛል። እሳቱ ያው እሳት ነው፤ እኔ ቅዳሜ ማታ ታጥቤው እወጣለሁ።

ባልደረባዬን ያንተን አልሠራም፣ ከመምህሬ ግን ባልከው ዋጋ አመጣልሃለሁ አልኩት። አቅማማ። «ያንቺ እጅ ያለበት እኮ ነው የፈለግሁት» አለ። ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አድርጌ ብርቱካን አስላጥኩት። የጋሼን ገዛ። ገንዘቡን ስሰጣቸው ቆጥረው ከላዩ ላይ ለከሰል ብለው መለሱልኝ፤ አልቀበልም ብል አይሆንም ነበርና ተቀበልኩ።

አሁን መጥረቢያ ላይ ነን። ከቢላዋ ይለያል፤ ስለቱ ቀላሉ ነው፣ ጭንቁ እጀታው የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ብረቱ ሳይጣል መሐሉ በመብሻ ተከፍቶ ወደ ግራና ቀኝ ይለጠጣል፤ መብሻው ትንሽ ከተዛነፈ አንዱ ጉንጭ ይሳሳና ገና በመጀመሪያው ግንድ ላይ ይከዳል። መብሻው ደግሞ የጋሼ አይደለም፤ የራሴን መሥራት አለብኝ። ከመኪና አክሰል የተቆረጠች አንዲት ዘንግ ተገኝታለች። ቅዳሜ እንጀምራለን፤ መብራት ከሌለም የልጅ ልጃቸው ፈተና ስላለበት ወናፉ የኔ ነው።